«በቃ» የተከለከለበት ግድግዳ

ውድ አሰልጣኝ አዚዛ፣

እንደምን ሰነበቱ? ስልክዎ ከጠፋ ወዲህ ድምፅዎን ሳልሰማ ከረምኩ። ይህን ደብዳቤ የምታደርስልዎ ዙህራ ናት፤ አብራኝ ግድግዳ ትወጣ የነበረችው፣ ወሬ ሆዷ ውስጥ የማያድርባት ዙህራ። እርስዎ ጋ ኮምቦልቻ እንደደረሰች አፏን ከመክፈቷ በፊት ወረቀቱን እጅዎ ላይ እንድታኖር አስምያታለሁ። የምነግርዎ ነገር አለኝ። ግን እጄ ወደዚያ አልሄድ ብሎኛል፤ እስኪ መጀመሪያ በልጅነቴ ሳልነግርዎ የቀረሁትን ልናገር።

እኔ እርስዎን በጣም ነው የማደንቅዎ። ይኸው ወጣልኝ።

በ1998 ዓ.ም. ካዛንቺስ ከወጣት ማዕከላችን ጀርባ የመውጫ ግድግዳ ሲሠራ ሰፈሩ በሳቅ ሞተ። እናቶች ቀኑን ሙሉ «ውረድ! ውረጂ!» ሲሉ በሚውሉበት ሰፈር ልጆች ግድግዳ ላይ እንዲወጡ የሚያስተምር ሰው መጣ! አብሮን የሚወጣው የሔኖክ እናት ወይዘሮ ሸዋአየሁ «ለዝንጀሮ ደግሞ አስተማሪ ተቀጠረለት እንዴ?» ማለታቸውን እርስዎም ሰምተዋል። ስቀው አለፉት።

እኛ የመጣነው ልንወጣ ነበር፤ እርስዎ ግን ለሳምንታት መሬት ላይ አቆዩን። ገመዱ ከወጪው ወገብ ተነሥቶ፣ ጣሪያው ላይ ባለው የብረት ቀለበት ዞሮ፣ ታች ወደቆመው ያዥ ይመለሳል። ከያዡ ኋላ ደግሞ የገመዱን ጫፍ ይዞ የሚቆም ሌላ ሰው አለ፤ እኛ «ጅራት» እያልን የምንሳለቅበት ሥራ። ማንም ጅራት መሆን አይፈልግም። እርስዎ ግን ሰው በጎደለ ቁጥር ራስዎ ጅራት ይሆኑ ነበር። ያዥ እያለ ይሄ ለምን አስፈለገ ስንልዎ «ያዡ ሰው ነው፤ ሰው ይሳሳታል» አሉን። ቋጠሯችንን እኛም፣ ጓደኛችንም፣ እርስዎም ሳታዩት እግር ከመሬት አይነሣም። አንድ ቀን ቸኩዬ «አላህ ይጠብቀኛል» ብዬ ልወጣ ስል መታጠቂያዬን ይዘው መለሱኝ። «ይጠብቅሻል፤ ቋጠሮውን እንድታዪበት ደግሞ ዓይን ሰጥቶሻል» አሉኝ።

የምንነጋገርበት ቃልም ነበረን። ጣሪያው ላይ ረግጠን ስንቆም «በቃ!» እንላለን፤ ያኔ ያዡ ገመዱን ይለቃል፣ እኛም ፈትተን በደረጃ እንወርዳለን። አጭርና ጥርት ያለ ቃል ነው። ችግሩ የካዛንቺስ ልጅ ወሬውን በ«በቃ» ከፍቶ በ«በቃ» የሚዘጋ መሆኑን ማናችንም አላሰብነውም።

ያን ቅዳሜ ያዤ ሔኖክ ነበር፤ ጅራት ደግሞ እርስዎ። ጣሪያው ጋ ልደርስ ትንሽ ሲቀረኝ ዞር አልኩና ከተማው ታየኝ። «በቃ እኮ! ማለቴ፣ ኡራኤል ድረስ ይታያል!» ብዬ ጮህኩ። ሔኖክ ከዚያ ሁሉ የሰማው የመጀመሪያዋን ቃል ነው። ለቀቀ። እኔ ደግሞ ክንዴ ዝሎ ስለነበር ገመዱ ይይዘኛል ብዬ ወደ ኋላ ተደገፍኩ።

የሚይዘኝ አልነበረም። ግድግዳው ፊቴ ላይ ሽቅብ ሲሮጥ ትዝ ይለኛል። ከዚያ መታጠቂያው ወገቤን ሰቅዞ ያዘኝና ግድግዳው መሐል ላይ ተንጠልጥዬ ቀረሁ። ቁልቁል ሳይ እርስዎ ገመዱን ወገብዎ ላይ ጠምጥመው ተንበርክከዋል። ቀስ አድርገው አወረዱኝ። መዳፍዎ ተልጦ ነበር።

ሔኖክ እያለቀሰ «በቃ አለች! እኔ ምን ላድርግ፣ በቃ አለች!» ይላል። እኔ «አላልኩም!» እላለሁ፤ ደግሞ እውነቴን ነው፣ ማለቴን አላውቀውም። ሌላ ሰው ቢሆን አንዳችንን በጥፊ ያጮል ነበር። እርስዎ ግን ሁለታችንንም አጠገብዎ አስቀመጡና እሱን «ምን ሰማህ?» እኔን «ምን ልትዪ ፈልገሽ ነው?» ብለው ጠየቁን።

«ሁለታችሁም አላጠፋችሁም። የከዳን ቃሉ ነው፤ ቃሉን የመረጥኩት ደግሞ እኔ ነኝ» አሉን።

የማዕከሉ ኃላፊ አቶ ተወልደ እየሮጡ መጡ። ደህና መሆኔን ሲያዩ «ተመስገን! እንግዲህ ነገሩ እዚሁ ይቅር። ወላጅ ከሰማ ግድግዳው ተዘጋ ማለት ነው» አሉ። እርስዎ እጅዎ ላይ ውሃ እያፈሰሱ «ወላጅ መስማቱ አይቀርም አቶ ተወልደ። መናገር ያለብኝ እኔ ነኝ» አሏቸው። ግድግዳውን በራስዎ እጅ ዘግተው ወላጆቻችንን አስጠሩ። እኔ መውደቄ አልነበረም ያስፈራኝ። አባቴ ሁለተኛ ግድግዳው አጠገብ እንዳትደርሺ ይለኛል ብዬ ነበር የምሰጋው። ያን ግድግዳ እንዴት እወደው እንደነበር ያውቃሉ።

አባቴ ሜክሲኮ ካለው የመለዋወጫ ሱቁ ግሪስ የነካው እጁን ሳይታጠብ መጣ። ፊትዎ ቆሞ «ልጄን ጣልሻት?» አለ።

«ጥያታለሁ። ይዣታለሁም። ሁለቱንም ከእኔ አፍ እንዲሰሙ ነው የጠራሁዎት።»

ለጠብ ታጥቆ የመጣ ሰው የሚጣላው አጣ። ወይዘሮ ሸዋአየሁ «የኔ ልጅ ነው የለቀቃት?» ብለው ሲነፋረቁ «ልጅዎ የታዘዘውን ነው ያደረገው፤ የተበላሸው ትእዛዙ ነው» አሏቸው። የሆነውን ሁሉ አንድም ሳያስቀሩ ተናገሩ። ልጆቻቸውን ይዘው የሄዱ ነበሩ፤ አንዳቸውንም ቆዩ ብለው አልለመኑም። አባቴም እጄን ይዞ ተነሣ። «ይፍቀዱላት አልልም። መጥተው ይዩና ከዚያ ይወስኑ» ብቻ አሉት።

ለእኛ የቤት ሥራ ሰጡን። የካዛንቺስ ልጅ ሳያስበው ከአፉ የማያመልጠው ቃል ፈልጉ! «ጨረስኩ» ተባለ፤ ሔኖክ ምሳ በበላ ቁጥር ይላታል ተብሎ ወደቀ። «ደረስኩ» ተባለ፤ ገና ከቤቱ ሳይወጣ በስልክ ደረስኩ የማይል የአዲስ አበባ ሰው የለም ብለው እርስዎ ራስዎ ሳቁ። በመጨረሻ ዙህራ «ሰገነት» አለች። እኛም ሳቅን። በሰፈራችን ጣሪያ እንጂ ሰገነት የሚል ሰው ማን አለ? እርስዎ ግን ፊትዎ በራ። ግድግዳውን መልሰው ከፈቱልን፤ ከዚያ ወዲያ ወጪው «ሰገነት!» ይላል። ያዡ «ሰገነት ላይ ነሽ?» ብሎ መልሶ ይጠይቃል። «ሰገነት ላይ ነኝ» ካልተባለ ገመድ አይለቀቅም። ግድግዳው ላይ «በቃ» ያለ ሰው ቀኑን ሙሉ ጅራት ይሆናል።

አባቴ ቅዳሜ ቅዳሜ ሱቁን እየዘጋ ይመጣ ጀመር። እኔን አጠገቡ አስቀምጦ ሌሎቹ ሲወጡ ያያል። እርስዎም አላባበሉትም። አንድ ቀን ተነሣና «እስኪ እኔ ልያዛት» አለ። እንደማንኛችንም ከቋጠሮ አስጀመሩት። ያ ኩሩ ሰውዬ «በቃ ገባኝ» ባለ ቁጥር ልጆቹ ይጮኹበት ነበር፤ ስንት ጊዜ ጅራት ሆነ!

በመጨረሻ ፈቀደልኝና እሱ ገመዱን ይዞልኝ ወጣሁ። ጣሪያው ላይ በሁለት እግሬ ቆሜ «ሰገነት!» አልኩ።

«ሰገነት ላይ ነሽ?»

«ሰገነት ላይ ነኝ!»

አልለቀቀም። እንደገና ጠየቀኝ፤ እንደገና መለስኩ። ገመዱ አሁንም እንደተወጠረ ነው። ቁልቁል ሳይ እርስዎ በፋሻ በተጠቀለለ እጅዎ ጫፉን ይዘው ከኋላው ቆመዋል። ልቀቅ አላሉትም፣ አላሳፈሩትም። ልቡ እስኪያምን ጠበቁት።

ከአባቴ ጋር ወደ ቤት ስንሄድ ኦሎምፒያ ጋ መንገድ ልንሻገር ቆመን «ያቺ ሴትዮ ያን ቀን ደብቃኝ ቢሆን ኖሮ፣ ገመዱ ከብረት ቢሠራ እንኳ አንቺን አልሰጣትም ነበር» አለኝ። እርስዎ ከካዛንቺስ እስኪለቁ ድረስም የቅዳሜው ጅራት እሱ ሆኖ ቀረ።

አሁን ወደ ነገሬ ልግባ። መርዶ በደብዳቤ እንደማይላክ አውቃለሁ። ወጋችን ለሩቅ ሰው መደበቅ ነው፤ ትንሽ አሞታል ይባላል፣ ሽማግሌ ይፈለጋል፣ ማለዳ በር ይንኳኳል። ዘመዶቼም «ለአዚዛ ቆይቶ ይነገራታል፤ የደም ግፊት አለባት» ብለውኛል። እሺ አላልኳቸውም። እኔን ያሳደጉኝ እነሱ ብቻ አይደሉም።

አባቴ ባለፈው ሐሙስ ዐረፈ። ብዙ አልተሠቃየም፤ አጠገቡ ነበርኩ። ይቀመጡ፣ ውሃ ይጠጡ፣ ካሻዎትም ያልቅሱ። ዙህራ አብራዎ ታድራለች፤ እኔም ሰደቃው እንዳለፈ እመጣለሁ። ይህን ግን ሌላ ሰው ሊነግርዎ አይገባም ነበር።

ልጅዎ፣
ሂባ ዓብዱልሀኪም