የደነዘዙ ሦስት ጣቶች

ጥቅምት 4፣ ማክሰኞ። ጠዋት 12 ሰዓት

ዛሬም እጄን እያራገፍኩ ነቃሁ። ቀኝ እጅ። አውራ ጣት፣ ሌባ ጣት፣ መሃል ጣት ድንዝዝ። የሻይ ብርጭቆ አመለጠኝ፤ ደህናው ብርጭቆ፣ ተናደድኩ። ብርድ ነው። የአሮጌ ሹራብ እጅጌ ቆርጬ እያጠለቅኩ ነው የምተኛው። ወጌሻው ሥር ዞሯል ብሎ በቅቤ አሽቶኝ ነበር፤ ሁለት ቀን ተሻለኝ፣ ከዚያ ባሰ። ልሂድ ደብተሬ፣ ሹሩባ የምሠራላት ሰው ሱቅ በር ላይ ትጠብቀኛለች።

ጥቅምት 6፣ ሐሙስ

ዘይነባ ጎትታ ሐኪም ቤት ወሰደችኝ። ከሱቄ አጠገብ ጸጉር ትሠራለች፤ ተፎካካሪዬም ወዳጄም ናት። ብርድ ብርድ እያልኩ እጄን ላጣው ነው አለች፤ አፏ አያርፍም።

ዶ/ሯ ልጅ እግር ናት። እጆቼን ከአንጓ አሳጥፋ ጀርባ ለጀርባ አጋጠመቻቸው፤ ወዲያው ነዘረኝ። የቀኝ አውራ ጣቴን ሥር ከግራው ጋር አስተያየችኝ። ሥጋው ጎድሏል! እንዴት ሳላየው ቀረሁ? ብርድ አይደለም፣ ሥርም አልዞረም። አንጓዬ ውስጥ የሚያልፈው ነርቭ ተጨምቋል። ማሳሸት ክልክል። ማታ ማታ እጅን ቀጥ የሚያደርግ ድጋፍ ማሰር። ዋናው መፍትሔ ግን ትንሽ ቀዶ ጥገና፤ ከዘገየሁ ጣቶቹ ላይመለሱ ይችላሉ። ከዚያ ለሳምንታት ሹሩባ የለም።

ሳምንታት! ሰፈሩ ከፈረሰ ወዲህ ደንበኞቼ የትና የት ተበትነው፣ ታክሲ እየቀያየሩ ነው ሀብተ ጊዮርጊስ ድልድይ ድረስ የሚመጡልኝ። አንዴ ከሄዱ ሄዱ። እምቢ ብያለሁ። ድጋፉ ይበቃል።

ጥቅምት 11፣ ማክ.

ድጋፉን አስሬ እተኛለሁ። እንቅልፍ አገኘሁ፣ ተመስገን። ይኸው፣ ቢላዋ አላስፈለገም። ጣቶቼ ግን ያው ናቸው። ስንት ጸጉር እንደያዝኩ በዓይኔ ነው የማውቀው። ማን ያውቅብኛል።

ጥቅምት 15፣ ቅዳሜ

እትዬ በላይነሽ መጡ። ሥራ ከጀመርኩ አንስቶ ደንበኛዬ ናቸው። ባለፈው የሠራሁላቸውን ሹሩባ ፈታሁ። ከጆሮአቸው በላይ ጸጉሩ ተነቅሏል። ቆዳው ቀልቷል፣ ቆስሏልም። ክው አልኩ። ሲያምዎት ምነው ዝም አሉ አልኳቸው።

«ልጄ፣ አንቺን ምን ብዬ? እጅሽ ሲጠብቅብኝ ጊዜ፣ ዛሬ እንዲቆይልኝ ብላ ነው አልኩ።»

በዚያ ጎን መተኛት አቅቷቸው ነበር። ይሄ ይሉኝታ! እኔ እንደሆን ምን ያህል እንደሳብኩ አልተሰማኝም። ሌሎቹስ? ስንቱ ጥርሱን ነክሶ፣ እጅሽን ይባርከው ብሎኝ ሄደ? ሱቁን ዘግቼ አለቀስኩ። በጣም አፈርኩ።

ጥቅምት 20፣ ሐሙስ

ቀዶ ጥገናው ሰኞ ነው። ፈርቻለሁ። ደንበኞቼን ለዘይነባ ሰጠኋት፤ ፊት ለፊት አገናኘኋቸው። ይመለሱ አይመለሱ እንጃ። እትዬ በላይነሽ ቁስሉ እስኪድን ሹሩባ አይሠሩም፤ ሲድን ግን እኔኑ እንደሚጠብቁ ነገሩኝ። እኔ እንጃ፣ ይሉኝታ ይሆናል።

ማታ እኔው የዘይነባ ወንበር ላይ ተቀመጥኩ፤ ከሰኞ በኋላ እጄ ታሽጎ ማበጠር የለም። ጎነጎነችኝ። ከጆሮዬ በላይ ስትደርስ ሳበችው። ዝም አልኩ። ደግማ ሳበችው። እትዬ ትዝ አሉኝ።

ኧረ ያማል አልኩ፣ ጮክ ብዬ። ወዲያው አላላችልኝ።