በጥሪው ወረቀት ጀርባ

ሰኞ
አሁንም ሦስት ደቂቃ። እየዞረ ስድስት ቀለም የሚገጠምበት የኩቡ መጫወቻዬ ሁለት ደርቦች ቶሎ ይገጥማሉ፤ የሚያስቸግረኝ የመጨረሻው ነው። አንዱን ዙር እየደጋገምኩ ቀለሞቹ እስኪታረቁ እጠብቃለሁ። ኩቡን ከቡዳፔስት ያመጣችልኝ እህቴ ሂሩት ሳቀችብኝ። «ከእሪ በከንቱ ፒያሳ ለመምጣት በሥላሴ የምትዞር አንተ ብቻ ነህ!» የመጨረሻውን ደርብ አጭር አዟዟር ነገረችኝ፤ ያገኘሁት ወረቀት ላይ ጻፍኩ። ቀ ቀኝ፣ ላ ላይ፣ ፊ ፊት። ሰረዝ ካለበት በተቃራኒው። ሦስት መስመር።

ማክሰኞ
ሂሩት ለሥራ ጅማ ሄደች። ሦስተኛው መስመር እምቢ ሲለኝ ዋለ። ለካ አንድ ሰረዝ ዘልያለሁ። እጄ አረመው፤ ወረቀቱን በኋላ አርመዋለሁ። አንድ ደቂቃ ከሃያ! ብቻዬን አጨበጨብኩ።

ረቡዕ
ምን ዓይነት ጅል ነኝ። የጻፍኩት ስሜ ባለበት የቀበሌው የውይይት ጥሪ ጀርባ ላይ ነበር። በር ላይ ጥሪውን ሲሰበስቡ ሰጠኋቸው። ሊቀመንበሩ አስቀረኝ።
«ጓድ፣ ይህ ምስጢር ለማን ነው?»
መጫወቻ ነው አልኩ። ጥበቃው ሳቀ፤ «በአርባ ዓመቱ ፊደል ይቆጥራል!»
ሊቀመንበሩ አልሳቀም። «ዓርብ መጫወቻውን ይዘህ ና። እኔ አነባለሁ፣ አንተ ታዞራለህ።»

ሐሙስ
ምሳ አልወረደልኝም። ሰረዟን ወረቀቱ ላይ ሳላርም ነው የሰጠኋቸው። የተነበበውን ካዞርኩ ኩቡ አይገጥምም፤ ውሸታም ነኝ። ትክክሉን ካዞርኩ ከወረቀቱ እለያለሁ፤ ያኔም ውሸታም ነኝ። ውቤ በረሃ ሰፈር ድረስ በእግሬ ሄጄ ተመለስኩ። ምንም አላሰብኩም። ኪሴ ውስጥ ጣቶቼ ኩብ እንደያዙ ይዞራሉ።

ዓርብ
ሊቀመንበሩ ኩቡን ራሱ በታትኖ ሰጠኝ። ሁለቱን ደርቦች በራሴ ገጠምኩ። ከዚያ መነጽሩን አድርጎ ማንበብ ጀመረ፤ ቀስ እያለ፣ እንደ መመሪያ። ሦስተኛው መስመር ላይ «ላ» አለ። እጄ በተቃራኒው ዞረ።
«ላ ነው ያልኩት።»
«ሰረዝ ረስቼ ነው፣ ጓድ ሊቀመንበር።»
ጥበቃው ከወንበሩ ተነሳ። ሊቀመንበሩ ወረቀቱን አየ፣ እጄን አየ። «ጨርስ» አለ።
ጨረስኩ። ስድስቱም ገጽ። ኩቡን ተቀብሎ አገላበጠው፤ መለሰልኝ። ከዚያ በቀይ እስክሪብቶ የጎደለችውን ሰረዝ ራሱ ጨመረ፣ ወረቀቱን ፋይል ውስጥ ከተተ።
«ሂድ በቃ።»
ወረቀቱን ስጡኝ ማለት አልደፈርኩም። ቤት ገብቼ በላሁ፤ ሁለት ቀን ያልበላ ሰው አበላል። ሊቀመንበሩ ገብቶታል። ግን ሊቀመንበር ይለወጣል። የሚቀጥለው ፋይሉን ሲከፍት በወረቀቱ ፊት ስሜን፣ በጀርባው ፊደላቱን ያገኛል። ኩቡ እዚያ የለም።