የሌለ ሰው በመምሰሉ ስለታሰረው ስለ ቀነዓ

ግንቦት 1979 ዓ.ም.
ናዝሬት

ይድረስ ለተከበሩ ጓድ አብተው፣
የቀበሌያችን የንባብና የንቃት ኮሚቴ ሊቀ መንበር

ዕድሜዬ የሚፈቅድልኝን ያህል ጎንበስ ብዬ የከበረ ሰላምታዬን አቀርባለሁ። ጤናዎ እንዴት ሰንብቷል? የደም ግፊትዎ ረገብ እንዳለልዎ፣ ወገብዎም ከስብሰባ ብዛት እንዳልታመመ ተስፋ አደርጋለሁ። ዓይንዎ ከንባብ ብዛት ይደክማል ብዬ ግን አልሰጋም፤ ምክንያቱን ከታች እገልጻለሁ።

ይህን ደብዳቤ በግድግዳ ጋዜጣው ላይ የለጠፍኩት «ነዋሪው ያለ ፍርሃት ሂሱን ያቅርብ» ብላችሁ በቀይ ቀለም የጻፋችሁትን ግብዣ አምኜ ነው። ግብዣው ቀለሙ ሳይደርቅ ተሰርዞ ከሆነ ያስታውቁኝ፤ መርፌ ቁልፎቼን ለመውሰድ እመጣለሁ።

ቆመው ለሚያነቡ አላፊ አግዳሚዎች ነገሩን ከሥሩ ላስረዳ። እኔ ብዙ ዘመን ጂኦግራፊ አስተምሬ በጡረታ የተገለልኩ ሴት ነኝ። ለወጣቶች የሚሆን ልብ ወለድ ጽፌያለሁ፤ ሳይንስም ተአምርም አለበት። ታሪኩ የሚፈጸመው ታሕተ ሰማይ በምትባል፣ ከቢሾፍቱ ሐይቆች በአንዱ ሥር ትገኛለች ብዬ ባሰብኳት ዓለም ውስጥ ነው። በዚያ ውሃ ወደ ላይ ይፈሳል፤ ስለዚህ ሰዎቹ ጉድጓድ የሚቆፍሩት በጣሪያቸው ነው። ብርሃንም ክብደት ስላለው በጆንያ ይሸከሙታል። መጽሐፉን አዲስ አበባ ላለ አሳታሚ ለመላክ የቀበሌ የድጋፍ ደብዳቤ ያስፈልጋል ስለተባልኩ ጽሑፌን በየካቲት ለኮሚቴዎ አስረከብኩ። የድጋፍ ደብዳቤው እስከ ዛሬ አልተጻፈም። በምትኩ አንድ ሰው ታስሯል።

ቅሬታዎቼን በቁጥር አቀርባለሁ፤ ኮሚቴዎ ቁጥር ያለው ነገር ሲያይ ደስ እንደሚለው አውቃለሁ።

አንደኛ፣ ስለ ፀሐዮቹ። ታሕተ ሰማይ ሁለት ፀሐይ አላት፤ አንዷ ነጭ፣ አንዷ ቀይ። ኮሚቴዎ ቀይዋ ለምን ቀድማ እንደምትጠልቅ ጠየቀኝ፤ እኔም ያረጀችው እርሷ ስለሆነች ነው ብዬ በቅንነት መለስኩ። መልሴ ይጥማችሁ አይጥማችሁ አላውቅም። ከዚያን ቀን ጀምሮ ግን አንድ ካኪ የለበሰ ሰው በቤቴ ትይዩ ተቀምጦ ጠዋትም ከሰዓትም ጫማውን ያስጠርጋል። በናዝሬት አቧራ ውስጥ እንዲህ የሚያብረቀርቅ ጫማ አይቼ አላውቅም፤ ሰፈራችንን ስላሳመራችሁልን ምስጋናዬ ወሰን የለውም።

ሁለተኛ፣ ለገጸ ባሕርያቴ ሁሉ የሕይወት ታሪክ እንድጽፍ ታዘዝኩ፤ የትውልድ ቦታ፣ የመደብ መነሻ፣ በውጭ አገር ያሉ ዘመዶች። በቅደም ተከተል ጽፌ አቀረብኩ። መልእክት የምታመላልሰውን ወፍ ጭቁን ብያታለሁ። ሁለት ክንፍ ስላላት ግን አንዱ እንደ ትርፍ ቤት እንዳይወረስባት እስከ ዛሬ እሰጋለሁ።

ሦስተኛው ቅሬታዬ ሳቅ የለበትም።

በመጽሐፌ ውስጥ ኢዛር የሚባል በረኛ አለ። ወጣቶች ከአንዱ ዓለም ወደ ሌላው ሲሻገሩ መንገድ ያሳያቸዋል። ይህን ሰው እንዴት እንደሠራሁት ለኮሚቴዎ አንድ ጊዜ በቃል አስረድቻለሁ፤ አሁን ሁሉም እንዲያነበው በጽሑፍ ልድገመው። መሻገሪያው ጨለማ ነው። ለልጆቹ ፋኖስ ብሰጣቸው ወደ ላይ የሚፈሰው ውሃ ያጠፋባቸዋል፤ ስለዚህ የሚመራቸው ሰው ብርሃኑን በሰውነቱ መያዝ ነበረበት። ሁለመናው ቢያበራ መልአክ ይሆንብኛል፤ ስለዚህ ግራ እጁን ብቻ ከመስተዋት ሠራሁት። እጁ ሁልጊዜ ቢያበራ ደግሞ አሳዳጆች ያዩታል፤ ስለዚህ በነጭ ጨርቅ ጠቀለልኩለት። ሰው የምፈጥረው እንዲህ ነው፤ አንዱ ነገር ሌላውን እየጠራ። ከማንም ትከሻ ላይ እጅ ቆርጬ አልወሰድኩም።

ኮሚቴዎ ግን ወጣቶችን የሚያሻግርና ግራ እጁን የሚጠቀልል ሰው ሲያነብ፣ ይህ ሰው ልጆችን ከብሔራዊ ውትድርና የሚያሸሽ መሆን አለበት ብሎ ወሰነ። ከዚያም ፈለገው። ሲፈልግም አገኘው። ቀነዓ ወንጂ ውስጥ የሸንኮራ ባቡር የሚጠግን ሠራተኛ ነው። በልጅነቱ የፈላ ውሃ ግራ እጁን ስላቃጠለው ፀሐይ እንዳይነካው በነጭ ጨርቅ ይሸፍነዋል። ባለፈው ቅዳሜ ጤናዬ የምትባል፣ እዚሁ ሰፈራችን የምትኖር እኅቱን ሊጠይቅ ሲመጣ አውቶቡስ ተራ ላይ ተይዞ ቀበሌው ግቢ ተቆለፈበት። በሚመጣው ሰኞ ወደ አውራጃ ይተላለፋል ተብሏል። ከአውራጃ ወዲያ ሰው የት እንደሚደርስ ጤናዬም እኔም አናውቅም፤ እርስዎ ካወቁ ደግሞ ባይነግሩን እንመርጣለን።

እንደሰማሁ ወደ ቢሮዎ መጣሁ። «የማያውቁትን ሰው እንዲህ አድርገው እንዴት ሊጽፉት ቻሉ?» ብለው ጠየቁኝ። ፈጥሬው ነው አልኩ። እርስዎም ትንሽ አሰብ አድርገው «በማን ፈቃድ?» አሉኝ። በልጅነቴ ያስተማሩኝ መምህራን ጥፋት ሲያዩ መዳፋችንን በማስመሪያ የሚመቱ ጨካኞች ነበሩ፤ እንዲህ ያለ ጥያቄ ግን አንዳቸውም ጠይቀውኝ አያውቁም። ስላስተማሩኝ አመሰግናለሁ።

ከቢሮዎ ወጥቼ ለቀነዓ ምሳ ከያዘችው ከጤናዬ ጋር ወደ እስር ቤቱ በር ሄድኩ። እስከዚያች ሰዓት ድረስ ሰውየውን በዓይኔ አይቼው አላውቅም ነበር። ዘቡ ጫላ ምግቡን እኔ እንድቀምስ አደረገኝ፤ ቀመስኩ፤ ጨው ያንሰዋል። ቀነዓ ከአጥሩ ወዲያ ሆኖ አየኝና በኦሮምኛ «አካም ጂርቱ እማማ» ብሎ ደህንነቴን ጠየቀ፤ ቀጥሎም «የጻፉኝ እርስዎ ነዎት?» አለኝ። አንተን አይደለም ልለው ስል፣ «ከጻፉኝ አይቀር ምነው የወለቀውን ጥርሴን ሳይተኩልኝ ቀሩ?» ብሎ ሳቀ። ጫላም አብሮት ሳቀ፤ ሳቁን ሳይጨርስ ጠመንጃ መያዙ ትዝ አለውና ፊቱን አኮሳተረ። ልንሄድ ስንል ቀነዓ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ለመሆኑ መጨረሻው ላይ እወጣለሁ?» ሲል ጠየቀኝ።

ጓድ ሊቀ መንበር፣ ኢዛር እንደሚወጣ አውቃለሁ፤ ቀነዓን ግን የምጽፈው እኔ አይደለሁም።

አራተኛ፣ ስለ ንባባችሁ። ጽሑፌን በማስረጃነት ጠረጴዛዎ ላይ አስቀምጠውት አይቼዋለሁ። እስከ ሦስተኛው ምዕራፍ ድረስ የገጾቹ ጠርዝ በጣት ጠቁሯል፤ ወጥም ነክቶታል፤ ሽሮ ይመስለኛል። ከዚያ ወዲያ ያለው ግን ከእጄ እንደወጣ ንጹሕ ነው። የተማሪ ደብተር ሳርም ስለኖርኩ የተነበበ ገጽና ያልተነበበ ገጽ አይምታታብኝም። እንግዲህ ለመላው ኮሚቴ ላብሥር። ዘጠነኛው ምዕራፍ ላይ ኢዛር ከአሳዳጆቹ የተደበቀች ሴት መሆኗ ይገለጣል፤ ሴት ብቻ አይደለችም፤ የመንታ ልጆች እናት ናት። ቀነዓ ኢዛር ነው ብላችሁ አውራጃ ከማድረሳችሁ በፊት መንታዎቹን መቼ እንደወለደ ብትጠይቁት መልካም ነው። ደግሞ ይህን አንብባችሁ እጇን የጠቀለለች ሴት ፍለጋ እንዳትወጡ እለምናለሁ፤ ሽንኩርት ስትከትፍ ጣቷን የቆረጠች ሁሉ ከቤቷ መውጣት ትፈራለች።

አምስተኛ፣ መጠርጠር ለኮሚቴው ብቻ የተሰጠ ሥራ ካልሆነ እኔም አንድ ነገር እጠረጥራለሁ። ጤናዬ እንደነገረችኝ የኮሚቴው ጸሐፊ ጓድ ሙሉብርሃን ባለፈው ጥቅምት ሞተር ብስክሌቱን ቀነዓ ዘንድ ሊያስጠግን ወንጂ ሄዶ ነበር። ቀነዓም ሰው ፊት «ይህ ከሚጠገን ቢቀበር ይሻለዋል» ብሎ መለሰው። በዚህ ሁሉ ሕዝብ መካከል እጁን የሚጠቀልል ሰው የት እንዳለ ኮሚቴው እንዴት በአንድ ጊዜ ትዝ አለው? ጥያቄ ነው እንጂ ክስ አይደለም። ክስ ማቅረብ ብፈልግማ መጀመሪያ ልብ ወለድ አድርጌ እጽፈው ነበር።

የምለምነው አንድ ነገር ብቻ ነው። ሰኞ ከመድረሱ በፊት፣ እሑድ ከሰዓት፣ በቀበሌው አዳራሽ ዘጠነኛው ምዕራፍ በሕዝብ ፊት ይነበብ። ኮሚቴው ዓይኑን ማድከም ካልፈለገ እኔ አነባለሁ። ቀነዓም ከእስር ቤቱ መጥቶ ከፊት ወንበር ይቀመጥ። አዳራሹ ሰምቶ ኢዛር ይህ ሰው ነው ካለ፣ የፈጠርኩት እኔ ነኝና ሰኞ አውራጃ የምሄደው እኔ ነኝ። አይደለም ካለ ደግሞ ከእኅቱ ጋር እራቱን ይብላ።

ለሚያደርጉልኝና ለማያደርጉልኝ ሁሉ አስቀድሜ እያመሰገንኩ፣ የንቃትዎ ብርሃን ከጆንያ ቢገባ ስንት ሰው እንደሚሸከመው በአድናቆት እያሰብኩ፣ ጤናና ረጅም ዕድሜ፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ አራተኛውን ምዕራፍ የሚጀምሩበት ትርፍ ጊዜ እንዲሰጥዎ እመኛለሁ።

አክባሪዎ
ሮማነወርቅ ኃይለጊዮርጊስ

ድኅረ ጽሑፍ፦ መጨረሻው ምዕራፍ ላይ አንድ አዲስ ሰው ጨምሬያለሁ። ሌላው ሲናገር የሚያስብ እንዲመስል ዓይኑን ይጨፍናል፤ ሲነቃም በአጀንዳው እስማማለሁ ይላል። ኪሱ ላይ ሦስት እስክሪብቶ ይሰካል፤ ሁለቱ ቀለም የላቸውም። የታሕተ ሰማይን በሮች ሁሉ የሚዘጋው እርሱ ነው። ይህ ሰው ፍጹም የፈጠራ ሥራ ነው፤ ነገር ግን ባወጣችሁት አሠራር መሠረት የሚመስለው ሰው ከተገኘ ተይዞ መጣራት ይኖርበታል። ስለዚህ ጠዋት ሲላጩ አደራዎን፣ መስተዋቱ ውስጥ ያዩትን ሰው «እጅ ወደ ላይ!» እንዳይሉት፤ ምላጭ ይዘዋል።