የጋሽ ሰይድ ጆሮ

ሚያዝያ 9 ቀን 1996 ዓ.ም.

ከእማዬ ጋር ቂርቆስ ሄጄ የመልስ ቀሚሴን ለካሁ። ልብስ ሰፊያችን ጋሽ ሰይድ ጆሯቸው ስለማይሰማ ሁላችንም ጮኸን ነው የምናናግራቸው። ባለፈው ሲለኩኝ፣ መቼም አይሰሙም ብዬ፣ ለእህቴ «አርግዣለሁ፤ እማዬ ካወቀች አለቀልኝ» ስል ሹክ ብያት ነበር። ዛሬ ቀሚሱን ሳጠልቀው ወገቡ ሰፍቷል። እኔ ሳላዛቸው ከፊቱም ሽንሽን ጨምረውበታል። ደነገጥኩ።

«ምነው ሰፋ?» ብላ እማዬ ጮኸችባቸው።

«የዘንድሮ ሙሽራ ሁሉ የምታሰፋው እንዲህ ነው» አሏት። እማዬም አምናቸው ሂሳቡን ከፈለች።

ስንት ዓመት ተጫወቱብን! ያን ሁሉ የሰፈር ጉድ ሰምተው አንዲት ቃል አላወጡም። ስንወጣ ወደ ኋላ ቀረት ብዬ፣ ለራሴም በማይሰማ ድምፅ «እግዜር ይስጥልኝ ጋሼ» አልኳቸው።

«አይሰማኝም ልጄ» አሉኝ፣ ከስፌት መኪናቸው ቀና ሳይሉ።