ለሙላው የዘራሁት አቀንጭራ

ሰኞ

ወሰደው። ሙላው መሬቴን ወሰደው! ጠዋት የባለመሬቱ ወኪል አስጠርቶ «ዘንድሮ ሙላው ያርሰዋል፤ አንቺ ግራሩ ሥር ያለችውን ጥግ ያዢ፣ ኸላስ፣ አለቀ» አለኝ። ሦስት ክረምት ጎንበስ ብዬ አቀንጭራ የነቀልኩበት መሬት! አበባው ሐምራዊ ነው፣ ሲያዩት ያምራል። ከመሬት በታች ግን የማሽላው ሥር ላይ ተጣብቆ ይጠባዋል። ሱዳኖቹ ቡዳ ይሉታል፤ አላበዙበትም።

ሙላው ማለት፣ ከመተማ ወደዚህ ወደ ሱዳን ሲሻገር ወባ ጥሎት፣ ቤቴ አስተኝቼ አጥሚት ያጠጣሁት ሰው ነው። «ሴት ብቻዋን ምን ታርሳለች» ብሎ ለወኪሉ ሹክ ያለው እሱ ነው። ቆይ ብቻ።

ማክሰኞ

እኔና ልጄ ዓመቱን ምን ልንበላ ነው? በዚች ጥግ ማሽላ?

ከቤቱ ጀርባ የተሰቀለውን ጆንያ አየሁት። አምና የነቀልኩት አቀንጭራ ነው፤ ላቃጥለው ስል ዝናብ መጣና እዚያው ቀረ። አንዱን ፍሬ በጣቴ ፈረከስኩት። እንደ ሱረት ቦነነ። ዘሩ ይኸው ነው። አፈር ውስጥ ለዓመታት ይተኛል፤ የማሽላ ሥር ሲጠጋው ይነቃል።

ደስ አለኝ። እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ደስ አለኝ።

ረቡዕ

አደረግሁት! ሰው ሁሉ ገበያ ሄዶ ነበር። የጆንያውን ዱቄት ቀሚሴ ላይ አፈሰስኩ፣ ጫፉን በግራ እጄ ሰበሰብኩ፣ ልክ ማሽላ እንደምዘራው እየበተንኩ ሙላው የወሰደውን መሬት ከዳር እስከ ዳር ሄድኩ። «ያጠጣሁህን አጥሚት ትተፋታለህ» እያልኩ። ማሽላው ቢጫ ሆኖ ሲቀጭጭ፣ እኔ ግራሩ ሥር ቁጭ ብዬ አየዋለሁ።

ሐሙስ

ሌሊት ደህና ዘነበ። ጥጌን ዘራሁ። ማሽላውን እንደ ሁልጊዜው በቀሚሴ ይዤ በተንኩት፣ አንድም ሳላስቀር። ሙላውም ትራክተር አስገብቶ ሲያዘራ ዋለ። እጁን አነሳልኝ። እኔም ፈገግ አልኩለት። አይ ሞኝ!

ዓርብ

ጉድ ፈላ። ጎረቤቴ እትዬ ዘነቡ «ሙላው ሰሊጥ ዘራ አሉ፤ ደግ አደረገ» አሉኝ። ሰሊጥ! «አቀንጭራን ሰሊጥ ያሞኘዋል። ይነቃና የሚጠባው ሥር ሲያጣ ይሞታል። መሬቱ ይጸዳለታል» አሉ። ያ ሁሉ ድካም ለሱ!

ቤት ገብቼ ቀሚሴን ላጥብ ስዘረጋው፣ እጥፋቱ ውስጥ ያ ሱረት የመሰለ ዱቄት ተሰግስጓል። መሬት ላይ ተቀመጥኩ። የረቡዕ ቀሚሴ ነዋ! ሐሙስ ማሽላዬን የያዝኩበት! በገዛ እጄ ለገዛ ልጄ ዘርቼዋለሁ።

ስንቱ እንደገባ አላውቅም። ነሐሴ ሲገባ በየማሽላው ሥር ጎንበስ እያልኩ ሐምራዊ ነገር ስፈልግ እውላለሁ።

ማታ ሙላው በደጄ ሲያልፍ ቆመ። «የሺ፣ በነዚያ ሦስት ክረምት መሬቱን ከአቀንጭራ እንዴት አድርገሽ ነው ያጸዳሽው? እግዜር ይስጥልኝ» አለ።

አሜን አልኩት። ሌላ ምን እላለሁ?