የአያ ሀብቱ ዋንጫ

ፔታ ቲክቫ፣ እስራኤል
ሐሙስ፣ ሐምሌ 17 ቀን 1978 ዓ.ም.

ለአባቴ ለወርቅአገኘሁ፣ ይድረስ ባሉበት፤

አባዬ፣ እኔ ደህና ነኝ። ሰላምታውን ወደ መጨረሻው አደርሰዋለሁ፤ ዛሬ ከነገሩ ልጀምር፣ ያነቀኝ እሱ ነውና።

ነገሩ የተበላሸው ወንድምዎ አያ ሀብቱ የምርጥ አሰልጣኝነቱን ዋንጫ እንደ ታቀፉ ወደ እኔ ዞር ብለው፣ «በይ ንገሪልኝ» ባሉኝ ጊዜ ነው። ሁለት መቶ ሰው ቆሞ ያጨበጭብላቸዋል። ጋቢያቸውን ለብሰው መድረኩ ላይ ቆመዋል፤ እኔ ከጎናቸው ነኝ፣ ለማስተርጎም ተጠርቼ። አሁን ይሉታል ብዬ ጠበቅሁ። «ሥራው የእሷ ነው» ማለት ሦስት ቃል ነው። ዓይን ለዓይን ተያየን። ከዚያ ጉሮሯቸውን ጠረጉና፣ «ልጆቹን እንደ ልጆቼ አድርጌ አስተምሬአቸዋለሁ። ያከበራችሁኝን እግዚአብሔር ያክብራችሁ» አሉ።

ተረጎምሁ። ቃል ሳልጨምር፣ ቃል ሳልቀንስ። በአዳራሹ ውስጥ አማርኛውንም ዕብራይስጡንም የሚያውቅ ከእኔና ከልጆቹ በቀር አልነበረም፤ ሌላ ነገር ብናገር ማን ይይዘኛል? ያሉትን ግን አልሁ፤ ሰዉም እንደ ገና አጨበጨበ። ታች ከእናቷ ጎን የተቀመጠችው ሸጋ፣ የቡድናችን ኳስ ወርዋሪ፣ ድምጿን ሳትቀንስ፣ «ኧረ ዱላው በየት በኩል እንደሚያዝ እንኳን አያውቁም!» ስትል ሰማኋት። እናቷ ቆነጠጠቻት።

ከመጀመሪያው ልንገርዎ። ባለፈው ዓመት በከተማው ማትናስ፣ ልጆች ከትምህርት በኋላ በሚውሉበት የሕዝብ ቤት፣ የእኛን ሰዎች ልጆች እንድይዝ ተቀጠርሁ። እዚህ ከአሜሪካ የመጡ ሰዎች ቤዝቦል የሚሉት ጨዋታ አምጥተዋል። አንዱ ኳስ ይወረውራል፣ ሌላው በዱላ ይመታል። የመታው ከቤቱ ተነሥቶ ሦስት ማዕዘን ዞሮ ወደዚያው ቤት ለመመለስ ይሮጣል፤ በሁለት ማዕዘን መካከል ከያዙት ወጣ ማለት ነው። ይህን ለልጆቹ ሳስረዳ ብዙ አልደከምሁም። ከቤት ተነሥቶ፣ በመንገድ ላለመያዝ መሮጥን ሁሉም ያውቁታል።

የሊጉ ኃላፊ ሄርሽል ይባላል፤ ቀይ ጢም ያለው፣ ሲስቅ ትከሻው የሚንቀጠቀጥ ደግ ሰው ነው። ቡድን ማስመዝገቢያ ቅጽ ሰጠኝ። «አሰልጣኝ» በሚለው መስመር ላይ የአያ ሀብቱን ስም ጻፍሁ። ማንም አላስገደደኝም አባዬ፤ በገዛ እጄ ነው። በእኛ አገር ወጣት የጻፈው ማመልከቻ በሽማግሌ ስም እንደሚገባ እርስዎ ያውቃሉ። ደግሞም ያላገባች የሃያ ሦስት ዓመት ሴት በምትመራው ቡድን ልጁን የሚያስገባ አባት አላገኘሁም ነበር። የአያ ሀብቱ ስም ሲሰማ ግን አሥራ አንድ ልጆች በሁለት ቀን መጡ።

አያ ሀብቱ ዓርብ ዓርብ ከሥራ ሲወጡ እየመጡ አግዳሚው ወንበር ላይ ይቀመጣሉ። ሥራቸው መመረቅ ነው። ሄርሽል ስለ ጨዋታው ሲጠይቅ የሚጠይቀው እሳቸውን ነው። በሽማግሌ ፊት ቀድሞ መመለስ ነውር ስለሆነ ጥያቄውን ለእሳቸው እነግራለሁ፤ እሳቸው «እንጃ ልጄ፣ እንዳሻሽ አድርጊ» ይላሉ፤ እኔ ዞሬ የራሴን መልስ እሰጣለሁ። ሰውየው ታዲያ ምን ይወቅ? ሽማግሌው ይናገራሉ፣ ልጅቷ ትተረጉማለች። እዚህ የእኛ ሰው ሁሉ፣ ሐኪም ቤትም ሆነ መንግሥት መሥሪያ ቤት፣ እንዲህ ነው የሚኖረው። የጨዋታውን ሕግ መጽሐፍ የሰጠኝም «አንብቢላቸው» ብሎ ነው። በእንግሊዝኛ ነበር፤ መዝገበ ቃላት ይዤ በሁለት ሳምንት ጨረስሁት። ጎንደር ድረስ ልከው ያስተማሩኝ እንግሊዝኛ የት እንደ ደረሰ ይኸው።

እዚህ ላይ ትንሽ ይሳቁ። አንድ ዓርብ ከጎረቤት ከተማ ቡድን ጋር ስንጫወት፣ ኳሱ ሰማይ ላይ እያለ አያ ሀብቱ በበሩ ገቡ። አሥራ አንዱም ልጆች ቆባቸውን አውልቀው፣ ጎንበስ ብለው፣ በአንድ ድምፅ «ኖር!» አሉ። ኳሱ በመካከላቸው ዱብ አለ። አያ ሀብቱም ደስ ብሏቸው፣ «በእግዜር! ተቀመጡ ልጆቼ» ሲሉ ልጆቹ ሜዳው ላይ ቁጭ! ሌሎቹ እየሳቁ ሁለት ጊዜ ዞረው ገቡ። ከዚያ ወዲያ ጨዋታው ሳይጀመር እንዲመጡ አያን ለመንኋቸው።

የመጀመሪያዎቹን ሰባት ጨዋታዎች ተሸነፍን፤ የመጨረሻዎቹን ስድስት አሸነፍን። ሸጋ ማማ ላይ ወፍ እየጠበቀች ያደገች ልጅ ናት፤ ወንጭፍ የለመደ ክንድ ነበራት፤ ስልቱን ግን ማንም አላሳያትም ነበር፤ እሱን አሳየኋት። ልጆቹ ከዳኛ ጋር ስለማይከራከሩ፣ ሲሸነፉም የአሸናፊውን እጅ ስለሚጨብጡ የሊጉ ሦስት የሽልማት መራጮች ተገረሙ። አያ ሀብቱን የዓመቱ ምርጥ አሰልጣኝ ብለው የመረጡት በዚህ ነው።

የሽልማቱ ዕለት ሄርሽል ልማዱ ከየት እንደ መጣ ተናገረ። በአሜሪካ ከትልቁ ሊግ በታች ብዙ ትንንሽ ሊጎች አሉ፤ በየዓመቱም ከእነዚያ አሰልጣኞች አንዱ ይሸለማል። የትንሹ ሊግ አሰልጣኝ ያሳደገውን ልጅ ይወስዱበታል፤ ልጁ ጎበዝ በሆነ ቁጥር ቶሎ ይወስዱበታል፤ እሱ እዚያው ይቀራል። ስለዚህ ቢያንስ በዓመት አንድ ቀን ስሙ ይጠራ ይላሉ። ይህን ሲል የታየኝ የእኔ ሥራ አልነበረም። እርስዎ ታዩኝ፤ የሸኙን ዕለት፣ «እናቴን ትቼ አልሄድም» ብለው በሩ ላይ እንደ ቆሙ።

ዋንጫ ብቻ ቢሆን ኖሮ ይህን ያህል ወረቀት አልፈጅም ነበር። ከዋንጫው ጋር በአሰልጣኞች ኮርስ አንድ ቦታ አለ። የተሸለመው ሰው፣ ወይም እሱ የወከለው፣ ዓመት ተምሮ የምስክር ወረቀት ያገኛል፤ ከዚያ በየትኛውም ትምህርት ቤት በራሱ ስም ይቀጠራል። ሌላ በር የለኝም። የጎንደሩን አሥራ ሁለተኛ ክፍል እዚህ ማንም አይቆጥርልኝም።

ቤት ገብተን ዋንጫው ቴሌቪዥኑ ላይ እንደ ተቀመጠ፣ «አያ፣ ኮርሱን እኔ ልማር» አልሁ።

«ሽሙኤል ይማር» አሉ።

ሽሙኤል የእሳቸው ልጅ፣ ጋራዥ የሚሠራው፣ ሳቀ። «አባባ፣ እኔ ኳሱን ነክቼው አላውቅም።»

«ትለምዳለህ።» ወደ እኔ ዞሩ። «አንቺ ነገ ታገቢያለሽ። ቦታው ሰው ቤት ይግባ ነው የምትይኝ? እዚሁ ቤት ይቅር።»

«ሥራው የማን ነው፣ አያ?»

«ስሙስ የማን ነው?» አሉኝ።

ተናድጄ «ለአባቴ እጽፋለሁ፤ ታላቅ ወንድምዎ ይፍረዱ» አልሁ። ሚስታቸው እቴ አለምነሽ ያን ስትሰማ ወደ አያ ሀብቱ አየች፤ ከዚያ ዓይኗን መሬት ላይ ጣለች። «እሺ፣ ጻፊ» አለችኝ ቀስ ብላ። ለምን እንዲህ እንደ ሆነች ልጠይቃት ፈለግሁ፤ አልጠየቅኋትም። ቀጥታ ፖስታ ስለሌለ በጣልያን በኩል የምልክልዎ ይህ አራተኛ ደብዳቤዬ ነው፤ ለሦስቱ መልስ አልመጣልኝም።

አያ ሀብቱ ክፉ ሰው አይደሉም። በሱዳን መንገድ ወባ ሲጥለኝ ሁለት ቀን አዝለውኛል። ከሦስት ወረዳ ሰው ይሰበሰብላቸው የነበሩት አስታራቂ ዛሬ ሰጉላ በሚባለው የፋብሪካ ሰፈር በአንድ የብረት ሥራ ቤት ፍቅፋቂ ይጠርጋሉ፤ ከልጃቸው የሚያንስ አለቃ በፉጨት ይጠራቸዋል። እዚህ አገር ከገቡ ወዲህ የአገሩ ሰው የተነሣላቸው በዚያ ቀን ብቻ ነው። ዋንጫውን እንደ ሕፃን ነበር የታቀፉት። አይቻለሁ። አይቼ ነው የተረጎምሁት።

ባለፈው እሑድ ወደ ሄርሽል ቢሮ ሄድን። ሽሙኤል «ሥራ አለኝ» ብሎ ቀረ። አያ ሀብቱ ቆባቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ተቀመጡና፣ «ቦታውን ለልጄ ለሽሙኤል ሰጥቻለሁ በይው» አሉኝ። አልሁት። ሄርሽል ብዕሩን አነሣ።

«አሁን ደግሞ የራሴን እናገራለሁ» አልሁ። አንዱን ዓረፍተ ነገር ለእሱ በዕብራይስጥ፣ ያንኑ ለእሳቸው በአማርኛ፤ አያ ሳይሰሙት የምለው ነገር እንዳይኖር። መጽሐፉን ያነበብሁት እኔ ነኝ። ልጆቹን ያሰለጠንሁት እኔ ነኝ። ቅጹ ላይ ስማቸውን የጻፍሁትም እኔ ነኝ፤ ጥፋቴ እሱ ነው።

ሄርሽል ብዕሩን አስቀመጠ። «እውነት ነው? ጠይቂያቸው።»

ጠየቅኋቸው። ወንድምዎን ያውቋቸዋል፤ ሠላሳ ዓመት ሲያስታርቁ በሐሰት ምለው አያውቁም። ቆባቸውን አንድ ጊዜ አዞሩት። «ልጅቷ ዋሽታለች ብዬ አልምልም» አሉ።

ተረጎምሁ።

«ይህ አዎ ነው ወይስ አይደለም?» አለ ሄርሽል።

«በእኛ ቤት አዎ ነው» አልሁት።

መራጮቹ በወሩ መጨረሻ ተሰብስበው ይወስናሉ ብሎ አሰናበተን። አያ ሀብቱ እስከ ሰፈራችን እስከ ክፋር ጋኒም በእግራቸው ሄዱ፤ እኔ ሃያ እርምጃ ከኋላቸው። ሁለት አውቶቡስ አለፈን። ከዚያ ቀን ጀምሮ አላናገሩኝም፤ ዋንጫውንም ከቴሌቪዥኑ ላይ አንሥተው ቁም ሣጥን ውስጥ ከተቱት። ባዶውን ቦታ ባየሁ ቁጥር ሆዴ ይባባል፤ ይህንንም አልደብቅዎትም።

ትናንት እቴ አለምነሽ ከሽማግሌዎች መልእክት አመጣችልኝ። ሰንበት፣ ከጸሎት መልስ፣ ይሰበሰባሉ። ፍርዱ አስቀድሞ ተበጅቷል። ኮርሱን እኔ ልማር፤ አያ ሀብቱ ፈቅደዋል። የአያ ሀብቱን እግር ስሜ ይቅርታ ልጠይቅ። ከዚያ ወደ ሄርሽል ተመልሼ፣ ያን ቀን ተሳስቼ ተረጎምሁ፣ ያሰለጠኑት እሳቸው ናቸው ልበል።

«ምን ይጎድልብሻል?» አለችኝ እቴ። «አንቺ ትምህርትሽን፣ እሳቸው ክብራቸውን። በአንዲት ቃል!»

ቀኑን ሙሉ አሰብሁበት። ቀላል አይደለም፤ የምፈልገው ነገር እጄ ሊገባ ነው። ዋንጫውን ይያዙት፤ እኔው ወልውዬ እመልስላቸዋለሁ። ግን የዚህ ሰፈር እናቶች ሐኪም ዘንድ ይዘውኝ የሚገቡት፣ የሐኪሙን ቃል እንዳለ እንደማደርስ ስለሚያምኑ ነው። እዚህ አገር ያፈራሁት ያን ብቻ ነው። ተሳስቼ ነበር ካልሁ ከእንግዲህ ማን ያምነኛል? ሸጋስ ነገ ያስተማርኋትን እንዴት ታምናለች? ዛሬ ጠዋት ከሄርሽል አዲስ ቅጽ ወስጄ ለሚመጣው ዓመት ሞላሁ። አሰልጣኝ በሚለው ላይ «እንጉዳይ ወርቅአገኘሁ» ብዬ ጻፍሁ። የእርስዎም ስም አብሮኝ ገባ። መራጮቹ ኮርሱን ቢከለክሉኝም ይህ ቅጽ ይገባል።

አያቴን ጉልበቷን ይሳሙልኝ። ዓይኗ እንዴት ነው? የእስራኤል አምላክ ጤናዎን ይጠብቅልኝ፤ ዝናቡ በልክ ይጣልላችሁ፤ እኔንም በሩ ላይ እንደ ቆሙ ለማየት ያብቃኝ። መልስዎን እጠብቃለሁ። አንድ መስመር ትበቃኛለች፤ የእጅ ጽሕፈትዎ ብቻ ይሁን።

ሰንበት ሽማግሌዎቹ ሲገቡ ተነሥቼ ኖር እላለሁ። አያ ሀብቱ ሲገቡ ከሁሉም ቀድሜ እነሣለሁ። እግራቸውንም እስማለሁ፤ እኔን ተሸክሞ በረሃ ያቋረጠ እግር ነውና አላፍርበትም። ተሳስቼ ተረጎምሁ እንድል መጠየቄን ግን፣ ከሽማግሌም ይምጣ፣ ከእርስዎም ቢመጣ፣ ከእንግዲህ አልቀበልም።

ልጅዎ
እንጉዳይ ወርቅአገኘሁ