የተቀደደው ወረቀት ቅጂ

ለምርምር ሥነ ምግባር ጽሕፈት ቤት
ለክቡር ኃላፊው

ቀን፦ መጋቢት 11

ጉዳዩ፦ የሰረዝኩትን መልስ ቅጂ አያይዤ እንዳቀርብ የታዘዝኩት እንዲቀርልኝ ስለመጠየቅ

ክቡር ሆይ፣

1. አመልካቿ በኮምፒውተር ደህንነት ክፍል የአራተኛ ዓመት የዶክትሬት ተማሪ ነኝ። የማጠናው ሰዎች የይለፍ ቃላቸውን እንዴት እንደሚመርጡና የት እንደሚደብቁት ነው። እናቴ "ማኅተም ያለው ወሬኛነት" ትለዋለች። ማስተባበሉን ትቻለሁ።

2. የተቋማችን ስልሳ ሦስት ሠራተኞች መጠይቄን በወረቀት ሞልተውልኛል። ስም አልጠየቅኩም። ዕድሜያቸውን በአሥር በአሥር ዓመት ጠቅልዬ፣ የሥራ ክፍላቸውን አውጥቼ፣ ወረቀቶቹን ካርቶን ውስጥ እንደ መጫወቻ ካርታ ከበወዝኩ በኋላ ነው ቁጥር የሰጠኋቸው። የመመረቂያ ጽሑፌ ሦስተኛ ምዕራፍ በሙሉ የቆመው በአንድ ዓረፍተ ነገር ላይ ነው፦ የትኛው መልስ የማን እንደሆነ አጥኚዋም ጭምር ልታውቅ አትችልም።

3. ሠራተኞቹ የፈረሙበት የስምምነት ቅጽ "መልስዎ የእርስዎ መሆኑን ማንም አያውቅም" ይላል። ከሥሩ ደግሞ "በፈለጉ ጊዜ መልስዎ ይሰረዝልዎታል" ይላል። ሁለቱንም የጻፍኩት እኔ ነኝ። አይቶ ያጸደቀው ጽሕፈት ቤትዎ ነው። ማኅተሙ ሁለቱንም መስመሮች እኩል ነክቷቸዋል። ስድስት ሰው አንብቦታል፤ እኔ ሰባተኛዋ፤ ሁለቱ እንደሚጋጩ ያየ ግን የለም።

4. ባለፈው ወር የመዝገብ ቤት ኃላፊዋ፣ ሁላችንም እትዬ የምንላቸው፣ መልሴ ይሰረዝልኝ ብለው ለክቡርነትዎ አመለከቱ። ከዚያ በፊት ወደ እኔ መጥተው ነበር። "ልጄ፣ ያቺን ወረቀቴን ቅደጂልኝ" አሉኝ። የትኛዋ እንደሆነች እንደማላውቅ፣ ይህም የሙያዬ ኩራት እንደሆነ አስረዳኋቸው። በሩ ላይ ቆመው ከላይ እስከ ታች አዩኝ። "አራት ዓመት ሙሉ የተማርሽው ላለማወቅ ነው?" አሉና ሄዱ።

5. ጽሕፈት ቤትዎ መልሱን በአሥር ቀን ውስጥ ፈልጌ እንድሰርዝ አዘዘኝ። እንደማልችል ለማስረዳት ያህል፣ ለይስሙላ፣ ወረቀቶቹን ማገላበጥ ጀመርኩ። ሦስት ደቂቃ አልፈጀም። የይለፍ ቃልዎን የት ይደብቃሉ ለሚለው ሌላው ሰው "ስልኬ ላይ"፣ "ቦርሳዬ ውስጥ" ብሏል። አንድ ወረቀት ግን "ከበሩ በስተግራ፣ ሦስተኛው መደርደሪያ፣ ከታች ሁለተኛው ፋይል ጀርባ" ይላል። (ይህን የጻፍኩት እትዬን አስፈቅጄ ነው። በዚያው ቀን ቦታውን ቀይረዋል። የት እንደሆነ አልነገሩኝም። ጎበዝ ናቸው።) ስማቸውን አልጠየቅኩም። ዕድሜያቸውን አደብዝዣለሁ። ሠላሳ ዓመት የሠሩትን ሥራ ከአነጋገራቸው ማጥፋት እንዳለብኝ ግን አላሰብኩም። መጀመሪያ ደስ አለኝ። ወዲያው ግን ምዕራፍ ሦስት ወንበሬ ላይ እንደተቀመጥኩ ፈረሰ።

6. መልሱን ከኮምፒውተሬ አጠፋሁ። ወረቀቷን እትዬ ፊቴ ቆመው ስምንት ቦታ ቀደዷት፤ ከዚያ ፊቴን አዩና አሥራ ስድስት አደረጓት። ሳልጠይቃቸው በጀርባዋ የጻፉትን፣ ማለትም የይለፍ ቃሉ የማን ስም እንደሆነና ለምን እንደመረጡት፣ እዚህ አልናገርም። የክቡርነትዎ ስም አይደለም። ይህንንም ማለት አልነበረብኝም፤ በእኛ ሙያ "እሱ አይደለም" ማለት ግማሽ መናገር ነው።

7. ጉዳዩ አለቀ ስል ሁለተኛው ደብዳቤዎ ደረሰኝ። መሰረዙ እንዲረጋገጥ የተሰረዘው መልስ ቅጂ ለማኅደር እንዲቀርብ፣ ካልቀረበ ጥናቱ በሙሉ ውድቅ እንደሚሆን ይገልጻል። ሁለት ጊዜ አነበብኩት። በሦስተኛው ሳቅሁ፤ ሳቁ አልቆየም። ማኅደሩ የሚቀመጠው መዝገብ ቤት ነው። እዚያ ከእትዬ ሌላ አራት ሰዎች ይሠራሉ፤ ሥራቸውም የገባውን ወረቀት ሁሉ ማንበብ ነው። እትዬ ጡረታ እስኪወጡ ድረስ ከእነዚህ ሰዎች ጋር በአንድ ክፍል ገና ሁለት ዓመት ይቀመጣሉ።

8. ስለዚህ በትሕትና የምጠይቀው፦

ሀ) እትዬ "በእጄ ቀድጄዋለሁ" ብለው የፈረሙበት፣ ከዚህ ጋር የተያያዘው አንድ መስመር በቅጂው ፈንታ እንዲያዝልኝ፤

ለ) የመመረቂያ ጽሑፌን የማቀርብበት ቀን በስድስት ወር እንዲራዘምልኝ ነው። "ልታውቅ አትችልም" የሚለውን አውጥቼ በሦስት ደቂቃ እንዴት እንዳወቅኩ እጽፋለሁ። አማካሪዬ "በገዛ እጅሽ ጎጆሽን አፈረስሽ" ብለውኛል። ጎጆው በር እንዳልነበረው ከሌባ ቀድሜ ማወቄ ይሻላል አልኳቸው። ድምፄ ግን የቃሌን ያህል ደፋር አልነበረም።

9. ጥያቄዬ ተቀባይነት ካጣ አራት ዓመቴ ከንቱ እንደሚቀር አውቃለሁ። ያም ሆኖ ቅጂ አላቀርብም። "የለኝም" ብዬ መገላገል በቻልኩ ነበር፤ ወረቀት በእርግጥ የለኝም። ነገር ግን አንዴ ያነበብኩት ቃል በቃል ጭንቅላቴ ውስጥ ቀርቷል፤ አሁን ብቀመጥ ከነነጠላ ሰረዙ እጽፈዋለሁ። እሱን የሚሰርዝ ዘዴ በሙያዬ አላገኘሁም። ለእትዬ ያለኝ ዝም ማለት ብቻ ነው። እሱን እንዲፈቅዱልኝ እለምናለሁ።

ከሰላምታ ጋር፣ ውሳኔዎን በአክብሮትና በትንሽ ፍርሃት እጠብቃለሁ።

(ፊርማ)
አመልካቿ፣ የኮምፒውተር ደህንነት ክፍል ተማሪ

አባሪ፦ አንድ መስመር፣ አንድ ገጽ